«እሺ» ብለው የማይመጡ ሰባት ረዳቶች

የአንባቢ ደብዳቤ፦

«ሰላም ለእናንተ ይሁን። የቤተ ክርስቲያናችን የወጣቶች አገልግሎት አስተባባሪ ሆኜ ከተመደብኩ ዘጠነኛ ወሬን ይዣለሁ። መዝገቡ ላይ የ62 ወጣቶች ስም አለ፤ ቅዳሜ ከሰዓት የሚመጡት ግን 25 ቢሆኑ ነው። የ13 ዓመት ልጅም የ24 ዓመት ወጣትም አንድ አዳራሽ ውስጥ አንድ ትምህርት ይማራል። አብረውኝ እንዲያገለግሉ ሰባት ሰዎች ተመድበውልኛል። ስጠይቃቸው ሁሉም ‹እሺ› ይላሉ፤ ቀኑ ሲደርስ ግን ሁለቱ እንኳ አይገኙም። ማስተማሩም፣ መደወሉም፣ ወንበር መደርደሩም እኔው ላይ ወድቋል። ከእኔ በፊት የነበረው አስተባባሪ እዚያው አለ፤ ወጣቶቹ ነገር ሲገጥማቸው አሁንም የሚደውሉት ለእሱ ነው። መጋቢያችን ደግሞ ባገኙኝ ቁጥር ‹ቁጥሩ ለምን ቀነሰ?› ይሉኛል። ደክሞኛል። ልልቀቅ ወይስ ልታገሥ?»

የደከመች አገልጋይ

መልስ፦

ውድ እህታችን፣

የመልቀቁን ነገር ለጊዜው እናቆየው። ድካምሽ እውነት ነው። ግን ምክንያቱ የሰባቱ ሰዎች ስንፍና ነው ብለሽ ከደመደምሽ የሚታይሽ መፍትሔ ሰው መቀየር ብቻ ይሆናል፤ አዲሶቹም ብዙ ሳይቆዩ እንደ ፊተኞቹ ይሆኑብሻል። እስቲ አንድ ነገር ራስሽን ጠይቂ፦ «እሺ» ያሉት ለምኑ ነው? ደብዳቤሽ ላይ ሰባት ሰዎች እንደተመደቡልሽ ነግረሽናል እንጂ ለማን ምን እንደተሰጠ አልጻፍሽም። «ቅዳሜ እርጂኝ» የተባለች ሴት ሥራ አልተሰጣትም። ባትመጣ አንቺ እንደምትሠሪው ታውቃለች፤ ብትመጣም «ምን ላድርግ?» ብላ አንቺኑ ትጠይቃለች፤ አንቺም ለማስረዳት ከመድከም ራስሽ ትሠሪዋለሽ። በዚህ ዓይነት ሁለት ሦስት ቅዳሜ ያለፈበት ሰው መምጣቱንም መቅረቱንም እኩል ያየዋል።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ብለን እንተርታለን። ሎሚውን ማን ቆጥሮ እንደሚያድል ግን ተረቱ አይናገርም። ማደሉ የአስተባባሪ ሥራ ነው፤ ከዚህ በታች የምንመክርሽም አብዛኛው ስለዚሁ ነው።

መጀመሪያ ለሁለት ሳምንት የምትሠሪውን ሁሉ ወረቀት ላይ አስፍሪ። ትልልቁን ብቻ አይደለም፤ ቁልፍ ማምጣቱን፣ ድምፅ ማጉያ መሞከሩን፣ የቀረውን ልጅ እናት ማነጋገሩን፣ ማስታወቂያ መላኩን፣ ልጆቹ ተወስደው እስኪያልቁ በር ላይ መጠበቁን ጭምር። ከሠላሳ መስመር ቢያልፍ አይግረምሽ። ከዚያ በየመስመሩ ላይ ከሦስት ምልክት አንዱን አድርጊ፦ እኔ ብቻ ልሠራው የሚገባ፣ ሌላ ሰው ቢያሳዩት የሚሠራው፣ ቢቀር ማንም የማይጎዳበት። በመጀመሪያው ምልክት ሥር ከአምስት በላይ ሥራ ከተገኘ ደግመሽ እዪው። አገልጋዮችን መምረጥና ማሠልጠን፣ ከመጋቢውና ከሽማግሌዎች ጋር መነጋገር፣ የልጆቹን ደኅንነት መጠበቅ፣ የዓመቱን የትምህርት አቅጣጫ መያዝ የአንቺ ናቸው። ከዚያ ውጭ ያለው በአብዛኛው የሌላ ሰው ነው። በሦስተኛው ምልክት ሥር ያለውን ደግሞ ሳትራሪ ሰርዢው። በየሳምንቱ አዲስ ጨዋታ መፈለግና ለእያንዳንዱ ትምህርት ያማረ ስላይድ መሥራት ቢቀሩ አንድም ወጣት በእነሱ ምክንያት አይቀርም።

የቀሩትን ሥራዎች በአምስት ወይም በስድስት ክፍል ሰብስቢያቸው፦ አቀባበል፣ ትምህርት፣ ክትትል፣ ዝማሬና ጸሎት፣ አዳራሽና ዕቃ፣ ገንዘብ። ለእያንዳንዱ ከግማሽ ገጽ የማያልፍ የሥራ ወረቀት ጻፊ። በወረቀቱ ላይ ሥራው ምን እንደሆነ፣ በደንብ ሲሠራ ምን እንደሚመስል፣ ሰውየው ሳይጠይቅሽ ምን ምን መወሰን እንደሚችል፣ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚወስድበት፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሚያገለግል፣ መምጣት ካልቻለም ለማን በስንት ቀን ቀድሞ እንደሚናገር ይገለጻል።

የአቀባበሉ ወረቀት ለምሳሌ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦ «ፕሮግራሙ ከመጀመሩ 25 ደቂቃ በፊት ሁለት ሰው በር ላይ ይቆማል። የሚገባው ሁሉ በስሙ ይጠራል፤ ስሙ የማይታወቅ ተጠይቆ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። አዲስ የመጣ ሰው ብቻውን አይቀመጥም፤ በዕድሜ ከሚቀርበው ወጣት ጋር ይተዋወቃል። ፕሮግራሙ ሲጀመር አንዱ ይገባል፣ ሌላው ለዘገዩት 15 ደቂቃ ይቆያል። የመጡትና የቀሩት ዝርዝር በዚያው ምሽት ለክትትል ቡድኑ ይደርሳል። ማን ከማን ጋር ተራ እንደሚይዝና አዲሶቹ እንዴት እንደሚተዋወቁ የምትወስነው አንተ ነህ። ጊዜው በሳምንት 2 ሰዓት፣ ዘመኑ 4 ወር ነው። መምጣት ካልቻልክ ተተኪ ራስህ ፈልገህ እስከ ሐሙስ ማታ ታሳውቃለህ።»

ከነዚህ ነጥቦች ውስጥ ብዙ አስተባባሪ የሚዘለው የመወሰን ሥልጣኑንና የማብቂያ ቀኑን ነው፤ የሚጎዳውም የእነሱ መቅረት ነው። ሥልጣን የሌለበት ሥራ መላላክ ነው፤ የሚችል ሰው ደግሞ መላላክ ላይ አይቆይም። ማብቂያ የሌለው አገልግሎትም ያስፈራል። አንዴ ከገቡ በኋላ መውጫው ወይ መጣላት ወይ ድምፅ አጥፍቶ መጥፋት ነው። የአንቺዎቹ ሁለተኛውን ሳይመርጡ አልቀሩም። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ላይ በመበለቶቹ ማዕድ ማጉረምረም በተነሣ ጊዜ ሐዋርያት ሰባቱን «ሲመቻችሁ እያያችሁ አግዙን» አላሏቸውም፤ በጉዳዩ ላይ ነው የሾሟቸው። ሐዋርያት ተመልሰው ማዕዱን ሲቆጣጠሩም አናነብም።

ወረቀቱ ሲያልቅ ሰባቱን አንድ ላይ ሰብስበሽ አታከፋፍዪ፤ በቡድን ስልክ መልእክትም አትላኪው። አንድ በአንድ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል፣ ፊት ለፊት ተቀመጪ። መጀመሪያ ጠይቂያቸው፦ እስከ አሁን ምን አስቸገራችሁ? ምን ቢሰጣችሁ ደስ ይላችኋል? በሳምንት በእውነት ስንት ሰዓት አላችሁ? ከዚያ ወረቀቱን ስጪና «አሁን አትመልስልኝ፤ ሳምንት አስብበት፣ ጸልይበት» በዪ። እዚያው ወዲያው የሚባል «እሺ» አብዛኛውን ጊዜ ይሉኝታ ነው፤ ከሳምንት በኋላ የሚመጣው «እሺ» ግን ይታመናል። «አልችልም» የሚል ሰው ሲኖር አመስግነሽ አሰናብቺው፤ እንዲያፍር አታድርጊው። ከሰባቱ ሁለት ወይም ሦስት ቢወጡ ምንም አልጎደለብሽም፤ ቀድሞም አልነበሩም። በምትካቸው ከ19 ዓመት በላይ ካሉት ወጣቶችሽ ውስጥ ፈልጊ፤ ዘወትር ቀድሞ የሚመጣው፣ ሳይታዘዝ ወንበር የሚያነሣው ማን እንደሆነ ታውቂዋለሽ።

የሥራውን ወረቀት ሰጥቶ ዘወር ማለትም አይሆንም። መጀመሪያ አንቺ ስትሠሪ ይይ፤ ከዚያ አብራችሁ ሥሩ፤ ከዚያ እሱ ሲሠራ አንቺ እዪ፤ በመጨረሻ እሱ ይሥራና አንቺ ከሱ ስሚ። ለአቀባበል አራት ቅዳሜ ይበቃል፤ ለማስተማር ሦስት አራት ወር ሊፈጅ ይችላል። ማርቆስ ምዕራፍ 6 ላይ ጌታ ደቀ መዛሙርቱን ሁለት ሁለት አድርጎ ይልካቸዋል፤ ሲመለሱ ያደረጉትንና ያስተማሩትን ሁሉ ይነግሩታል፤ ከዚያም ጥቂት እንዲያርፉ ለብቻቸው ይወስዳቸዋል። በየቤተ ክርስቲያኑ መላኩን እናውቅበታለን፤ ተቀምጦ መስማቱና ማሳረፉ ነው የሚጎድለን።

ትዕግሥት የሚያስፈልግሽ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ነው። እሱ ሲያስተምር አንቺ እያየሽ ነው፤ 20 ደቂቃ የተሰጠው ትምህርት 35 ደቂቃ ደርሷል፣ ከክፍሉ ወጥቶ ሌላ ወሬ ውስጥ ገብቷል፣ ኋላ ያሉት ስልካቸውን እየነካኩ ነው። እጅሽ ማይክሮፎኑን ለመውሰድ ይቸኩላል። አትውሰጂ። ስሕተቱ የእምነት ስሕተት ካልሆነ ወይም ሰው የሚያቆስል ንግግር ካልሆነ እስከ መጨረሻው ተቀመጪ። አንዴ ከነጠቅሽው ለእሱም ለሚያዩት ሁሉ የምታስተምሪው ነገር ቢኖር ሥራው የአንቺ እንደነበረ ነው። በዚያው ምሽትም አትተቺው፤ ሰው አስተምሮ ሲወርድ ልቡ ስስ ነው። ከሁለት ቀን በኋላ ደውይና አንድ የሠመረለትን ነገር በዝርዝር ንገሪው («ጥሩ ነበር» አይበቃም፤ «የመጀመሪያው ጥያቄህ ዝምተኞቹን ሁለት ልጆች አናገራቸው» በዪ)፣ ቀጥሎ የሚያስተካክለውን አንድ ነገር ብቻ ስጪው። ሰዓት ማለፉ ችግሩ ከሆነ በሚቀጥለው ጊዜ ስለ ሰዓት ብቻ ተነጋገሩ። አምስት ስሕተት በአንድ ጊዜ የተነገረው ሰው አንዱንም አያርምም።

የሚያስተምሩት ሁሉ እስከ ረቡዕ የአንድ ገጽ ዝግጅት ይላኩልሽ። አንድ የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር የተጻፈ ዋና ሐሳብ፣ ሦስት የመወያያ ጥያቄ፣ በሳምንቱ ውስጥ የሚሠራ አንድ ነገር ይኑረው። ዋናው ሐሳብ በአንድ ዓረፍተ ነገር ካልተጻፈ ትምህርቱ ገና አልተዘጋጀም ማለት ነው። ጥያቄዎቹንም እዪአቸው። «ዳንኤል ታማኝ ነበር?» የሚለው «አዎ» ተብሎ ያልቃል። «ዳንኤል የንጉሡን ማዕድ እምቢ ሲል ምን ሊያጣ ይችል ነበር? አንተ በዚያ ቦታ ብትሆን መጀመሪያ የምትፈራው ማንን ነው?» የሚለው ግን ያነጋግራል። መሪው ጠይቆ ቢያንስ አሥር ሰከንድ ዝም ማለት ይልመድ፤ የብዙ ቡድን ውይይት የሚሞተው መሪው ዝምታውን ፈርቶ የራሱን ጥያቄ ራሱ ስለሚመልስ ነው።

አሁን ወደ 62ና 25 እንምጣ። ለመጋቢው ጥያቄ ብለሽ ትልቅ ኮንፈረንስ አታዘጋጂ። ኮንፈረንስ ለአንድ ቀን 100 ሰው ያመጣል፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ 25 ነሽ፣ ረዳቶችሽም ደክመዋል። መጀመሪያ መዝገቡን አጥሪው። ከ62ቱ ስንቱ ከተማ ለቋል፣ ስንቱ አግብቶ ወደ ሌላ ኅብረት ሄዷል፣ ስንቱ አንድ ቀን ብቻ መጥቶ ስሙ የቀረ ነው? የክትትል ቡድኑ ሁሉንም በሦስት ሳምንት ደውሎ ያጣራ። እውነተኛው ቁጥር ምናልባት 45 ይሆናል፤ ያኔ የምትፈልጊው 37 ሰው ሳይሆን 20 ሰው ነው፤ በስም የምታውቂያቸው 20 ሰዎች።

ከዚያ በኋላ ደንቡ ቀላል ነው፦ ሁለት ተከታታይ ቅዳሜ የቀረ ወጣት ሦስተኛው ሳይደርስ ይደወልለታል። «ለምን ቀረህ?» ተብሎ ግን አይጀመርም፤ ያ ጥያቄ ክስ ነው፣ የሚያመጣውም ሰበብ ነው። «ሁለት ሳምንት አላየንህም፣ ደኅና ነህ ወይ?» ይበቃል፤ ከዚያ ማዳመጥ ነው። ጥሪው ከትልቅ ሰው ይልቅ ከእኩያው ቢመጣ ይሻላል። (ይህ አዲስ ሐሳብ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1881 በአሜሪካ ፖርትላንድ ሜይን ፍራንሲስ ክላርክ የተባሉ መጋቢ በመሠረቱት «ክርስቲያን ኢንዴቨር» በተባለው የወጣቶች ማኅበር ውስጥ አዳዲስ አባላትን የሚያመጣና የቀሩትን የሚከታተል ኮሚቴ ነበር፤ በኮሚቴዎቹ የሚሠሩትም ወጣቶቹ ራሳቸው ነበሩ። ክላርክ ያኔ ገና በሠላሳ ዓመታቸው ገደማ ላይ ነበሩ።)

የዕድሜው ነገር ግን ሊቆይ አይገባውም። ለ13 ዓመቷ ልጅና ለ24 ዓመቱ ወጣት አንድ ትምህርት ስትሰጪ ለሁለቱም አልሰጠሽም፤ ታላላቆቹ ቀድመው የሚጠፉትም ለዚህ ነው። መልካሙ ክፍፍል ከ13 እስከ 15፣ ከ16 እስከ 18፣ ከ19 በላይ ነው። አሁን ባለሽ ሰው ግን በሁለት ጀምሪ፦ ከ18 በታችና ከዚያ በላይ። ዝማሬው አብሮ ይሁን፣ ትምህርቱና ውይይቱ ይለይ። ውይይቱም ከስድስት እስከ ስምንት ሰው በሆነ ቡድን ይሁን፤ ከዚያ ሲበዛ የሚናገሩት ሁልጊዜ እነዚያው ሦስቱ ናቸው። ጠቅላላው ፕሮግራም ከ90 ደቂቃ አይለፍ፦ 10 ደቂቃ ሰላምታ፣ 15 ዝማሬ፣ 20 ትምህርት፣ 30 ውይይት፣ 10 ጸሎት፣ 5 ማስታወቂያ። ሰዓት ሲደርስ ሰው ባይሞላም ጀምሪ። የዘገዩትን መጠበቅ በሰዓቱ የመጡትን መቅጣት ነው፤ በሁለት ወር ውስጥ በሰዓቱ የሚመጣ አይኖርሽም።

ያልጠየቅሽን ግን ዝም ብለን የማናልፈው ነገር አለ። ኅብረትሽ ውስጥ ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች አሉ፤ የሚያገለግሉት ደግሞ አዋቂዎች ናቸው። የጽሑፍ የልጆች ደኅንነት መመሪያ ከሌላችሁ ከዝማሬውም ከትምህርቱም በፊት እሱን አስቀድሚ። ቢያንስ እነዚህ ይኑሩበት። ማንም አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር በተዘጋ ክፍል ብቻውን አይሆንም፤ የምክር ንግግር ሲያስፈልግ በሩ ክፍት ሆኖ ወይም ሌላ ሰው በሚያይበት ቦታ ይደረጋል። ከልጆቹ ጋር ሲሆን ሁልጊዜ ሁለት አዋቂ ይኖራል፤ ሁለቱም ከአንድ ቤት ባይሆኑ ይመረጣል። አገልጋይ ለልጅ በግል ማታ ማታ መልእክት አይጽፍም፤ መልእክት ካስፈለገ ወላጅ ወይም ሁለተኛ አገልጋይ ባለበት ቡድን ይላካል። ማንም ልጅን ብቻውን በመኪና አይወስድም። ለጉዞ የወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ፣ የስልክ ቁጥርና የጤና ሁኔታ ይያዛል። አዲስ አገልጋይ ቢያንስ ስድስት ወር በጉባኤው ውስጥ የታወቀ ይሁን፤ ቀደም ሲል ካገለገለበት ቦታ ይጠየቅለት። ይህን ሁሉ ለማን እንተግብር ሲባል መልሱ «ለሁሉም» ነው። «እሱማ የምናውቀው ወንድም ነው» የሚለው አነጋገር ነው መመሪያውን የሚያፈርሰው፤ ጉዳት አድራሹም አብዛኛውን ጊዜ ልጁና ቤተሰቡ የሚያውቁትና የሚያምኑት ሰው ነው።

አንድ ልጅ ጉዳት እንደደረሰበት ሊነግርሽ ቢጀምር ረጋ ብለሽ ስሚው። «ለማንም አልናገርም» ብለሽ ቃል አትግቢ፤ በምትኩ «አንተን ለመጠበቅ መርዳት ለሚችል ሰው መናገር ሊኖርብኝ ይችላል» በዪው። «ስለ ነገርከኝ ጥሩ አደረግህ፤ ጥፋቱ የአንተ አይደለም» ማለት ይበቃል። መርማሪ አትሁኚ፤ ዝርዝር እንዲነግርሽ አትጎትጉቺው። እንደተለየሽው የተናገረውን በራሱ ቃል፣ ከቀንና ከሰዓት ጋር ጻፊ። በዚያው ቀን በመመሪያው ለተሰየመው ኃላፊ አድርሺ፤ የተጠረጠረው ሰው ኃላፊው ራሱ ከሆነ ከሱ በላይ ላለው። የትኛውን ነገር ለሕግ አካል ማሳወቅ ግዴታ እንደሆነ ከአገር አገር ስለሚለያይ ነገሩ ከመድረሱ በፊት አጣሪ። የተጠረጠረውን ሰው ራስሽ አታናግሪ። ሁለቱን አቀራርቦ ማስታረቅም አይታሰብ፤ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ በቅን ልብ የሚሠራ ትልቁ ጥፋት ይህ ነው፤ ልጁን ከጎዳው ሰው ፊት ዳግም ያቆመዋል፣ ማስረጃውንም ያጠፋል። ወጣት «መኖር ሰልችቶኛል» ሲል ደግሞ በቀጥታ «ራስህን ለማጥፋት እያሰብክ ነው?» ብለሽ ጠይቂ። መጠየቁ ሐሳቡን አይጨምርበትም። «አዎ» ካለሽ ብቻውን አትተዪው፤ ጸሎቱ ሳይቀር ቤተሰብና የሕክምና ባለሙያ በዚያው ሰዓት ይጠራ።

ስለ ገንዘብ ረጅም አንናገርም። የተሰበሰበ መዋጮ ዘመድ ያልሆኑ ሁለት ሰዎች እዚያው ይቆጥሩታል፣ ሁለቱም ይፈርማሉ፤ በአንቺ የግል ሒሳብ አንድ ቀንም አይደር፤ ያለ ደረሰኝ ወጪ አይኑር። ይህ አንቺን ራስሽን የሚጠብቅ ነው።

የአገልጋዮች ስብሰባ በወር አንዴ፣ ከ75 ደቂቃ ሳያልፍ ይበቃችኋል። አጀንዳው ሦስት ቀን ቀድሞ ይድረሳቸው፤ ከእያንዳንዱ ነጥብ አጠገብ የሚያቀርበው ሰው ስምና ደቂቃው ይጻፍ። ቃለ ጉባኤው ማን ምን አለ ብሎ አይተርክ፤ ምን ይሠራ፣ ማን ይሥራው፣ እስከ መቼ የሚል ሦስት ዓምድ ይኑረው። ቀጣዩ ስብሰባ ያንን በማንበብ ይጀመር። ስሙ የተጠራ ሰው «አልሠራሁትም» ቢል አትቆጪ፤ «ምን ያዘህ? መቼ ይደርሳል?» በዪና ቀጥዪ። ዝርዝሩ በየወሩ እንደሚነበብ ያወቀ ሰው በሦስተኛው ወር ሳይጠየቅ ሠርቶ ይመጣል። በቡድን ስልክ መልእክት ማስታወቂያ ብቻ ይላክ፤ ውሳኔ ግን እዚያ አይወሰን፣ ጠብም እዚያ አይፈታ።

የቀድሞው አስተባባሪ ጠላትሽ እንዳልሆነ ደብዳቤሽ ራሱ ይናገራል፤ የሚደውሉት ወጣቶቹ ናቸው። ሦስት ዓመትም አምስት ዓመትም አብሯቸው የነበረን ሰው በዘጠኝ ወር እንዲረሱት አትጠብቂ። ችግሩ ምናልባት ርክክቡ በሰው ፊት አለመደረጉ ነው። እሱን ለብቻው አግኝተሽ ሦስት ነገር ለምኚው፦ ወጣት ሲደውልለት በመንፈሳዊ ጉዳይ ይስማው፣ ስለ ፕሮግራምና ስለ ውሳኔ ግን «አስተባባሪዋን ጠይቃት» ብሎ ይመልስ፤ ባንቺ ውሳኔ ካልተስማማ ለአንቺ ይንገርሽ፤ በአንድ ቅዳሜ መጋቢው ባሉበት በጉባኤው ፊት ይመርቅሽ። ዘኍልቍ ምዕራፍ 8 ላይ ሌዋውያን በ50 ዓመታቸው ከሥራው ይወጣሉ፤ ግን ወንድሞቻቸውን ማገዛቸው አይቀርም ይላል። ሥራው አንድ ነው፣ እገዛው ሌላ ነው። እምቢ ቢል ወይም ነገሩ ቢቀጥል ወደ መጋቢው ውሰጂው። በወጣቶቹ ፊት ስለ እሱ አንድም ክፉ ቃል አይውጣሽ፤ እነሱ ከሁለታችሁ አንዱን እንዲመርጡ ያስገደድሽ ቀን የምትሸነፊው አንቺ ነሽ።

ወደ መጋቢሽም ሳይጠሩሽ ሂጂ። በየወሩ አንድ ገጽ ስጪያቸው፦ በአማካይ ስንት መጣ፣ ለስንት የቀረ ወጣት ተደወለ፣ ስንቱ ተመለሰ፣ የትኞቹ አገልጋዮች ሥራ ተረከቡ፣ አንድ ችግርና ለሱ የምታስቢያቸው ሁለት መፍትሔዎች፣ ከእሳቸው የምትፈልጊው አንድ ነገር። መጋቢ ስለ ቁጥር የሚጠይቀው ብዙ ጊዜ ሌላ የሚጠይቀው ነገር ስላልተሰጠው ነው። የመዝገቡን ማጣራት ሳትጀምሪ ንገሪያቸው፤ 62 የነበረው በድንገት 45 ሆኖ ሲያዩት እንዳይደነግጡ።

ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ አትጀምሪ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የሥራሽን ዝርዝር ጻፊ፣ የደኅንነት መመሪያውንም ረቂቅ ለመጋቢው አቅርቢ፤ ከቀረበበት ቀን ጀምሮ ሁለት አዋቂ የሚለው ደንብ ይሠራ። በሦስተኛውና በአራተኛው ሰባቱን አነጋግሪ። በአምስተኛው አቀባበሉንና ክትትሉን አስረክቢ፤ ከሁሉ ቀድመው የሚለቀቁት እነዚህ ናቸው፣ ቢሳሳቱም ጉዳቱ ይታረማልና። የትምህርቱን መከፋፈል ከሁለት ወር በኋላ አድርጊው። በዚህ መሐል በወር አንድ ቅዳሜ ሙሉ በሙሉ ቅሪ። ታመሽ ወይም ተጠርተሽ አይደለም፤ አስቀድመሽ ተናግረሽ። አንቺ በሌለሽበት ቅዳሜ የተበላሸው ነገር ቀጥሎ ማስረከብ ያለብሽን ሥራ ያሳይሻል።

የመልቀቁን ጥያቄ ደግሞ በደከመሽ ምሽት አትመልሺው። ከዛሬ አራት ወር ወዲያ አንድ ቀን ቀጠሮ ያዢለት፣ መጋቢሽም ይወቁት። ያን ቀን ሦስት ነገር እዪ፦ ከስድስቱ ክፍሎች ቢያንስ ሦስቱ ያለ አንቺ ይሄዳሉ ወይ? መጋቢውና ሽማግሌዎቹ የደኅንነቱን መመሪያ ተቀብለውታል ወይ? አንቺስ በሳምንት ውስጥ ለራስሽ ጸሎትና ለቤትሽ ጊዜ አግኝተሻል ወይ? ሁለቱ «አዎ» ከሆኑ ቀጥዪ። ሽማግሌዎቹ መመሪያውን አንቀበልም ካሉ ግን አራት ወሩንም አትጠብቂ፤ ምክንያቱን ጽፈሽ አስገቢና ልቀቂ። በሌላ ምክንያት የምትለቂ ከሆነ የሁለት ወር ማሳሰቢያ ስጪ፤ የሥራ ወረቀቶቹን፣ የተጣራውን መዝገብና የአዳራሹን ቁልፍ ለተተኪሽ በጉባኤው ፊት አስረክቢ። ከዚያ በኋላ ወጣቶቹ ሲደውሉልሽ ምን እንደምትመልሺ ከላይ ጽፈነዋል።